ባቡር በሌለበት ከተማ የባቡር ሽቦ ማስተማር

ባሕር ዳር ባቡር የለም። ተማሪዎቼ ግን ቪዲዮ ያያሉ። «ቲቸር፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየከነፈ መብራቱን እንዴት ያገኛል?» ይሉኛል። ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ሰሌዳ ላይ ስስልላቸው ያዛጋሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ይዣቸው እወጣለሁ።

15 ሜትር የሚሆን ጣት የሚያህል ገመድ፣ ካሩኮላ (ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ መዘውር)፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሻማ ያዙ። ውሃ እንደሆነ ሞልቷል። ሁለት ዛፍ ምረጡ። ከላያቸው የመብራት መስመር እንዳያልፍ ቀና ብላችሁ እዩ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የገመዱን አንድ ጫፍ እጅ በሚደርስበት ከፍታ እሰሩ። ሌላውን ሁለተኛው ዛፍ ላይ በታሰረው ካሩኮላ አሳልፋችሁ ጀሪካኑን አንጠልጥሉበት። እኔ መጀመሪያ ያለ ካሩኮላ ቅርንጫፍ ላይ ጣል አድርጌው ገመዱ ተነከሰ። ስነቀንቀው ጀሪካኑ እግሬ ሥር ዱብ! ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

እውነተኛው መስመርም ምሰሶው ላይ እንዲህ የተንጠለጠለ ክብደት አለው። ቀትር ላይ የሽቦው መዳብ ሞቆ ሲረዝም የተንጠለጠለው ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽቦው ግን እንደተወጠረ ነው።

አሁን 5 ሊትር ውሃ ጨምሩና ገመዱን ጫፉ ላይ በዱላ ምቱ። ሞገዱ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ከዚያ ጀሪካኑን ሙሉትና ድገሙት። ዓይን አይከተለውም። ውጥረቱ 4 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 2 እጥፍ ይሆናል። ካሬ ሩት የሚፈሩ ልጆች እንኳ ይህችን አይረሱም።

የባቡሩ ጣሪያ ላይ ያለው ክንድ፣ ፓንቶግራፍ፣ ሽቦውን ከሥር እየገፋ ሞገድ ያስነሳል። ባቡሩ ሞገዱን ሊደርስበት ከተቃረበ ሽቦና ክንድ ይለያያሉ፣ ብልጭታ ይነሳል። ስለዚህ የባቡሩ ፍጥነት ከሞገዱ 70 በመቶ እንዳያልፍ ይደረጋል። ለምሳሌ፣ በሜትር 1.33 ኪሎ የሚመዝን ሽቦ በ25,000 ኒውተን ኃይል ሲወጠር ሞገዱ በሰዓት 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ለባቡሩ የሚተርፈው 345 ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2007 በሰዓት 574.8 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ሽቦውን ከወትሮው አብልጠው ወጥረውት ነበር።

ቮልቱ ለምን 25,000 ሆነ የሚል አይጠፋም። የጂቡቲው መስመርም ያው ነው፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን 750። 8.8 ሜጋዋት የሚስብ ፈጣን ባቡር በ25,000 ቮልት 350 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። በ750 ቢሆን ከ11,000 በላይ ነው። ያን የሚሸከም ሽቦ ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፤ ሲከብድ ደግሞ ሞገዱ ይጎተታል።

በመጨረሻ ሻማውን አግድም ይዛችሁ ገመዱን ከሥር እየነካችሁ ሩጡ። አንድ ቦታ ብቻ ይቦረቦራል። ከዚያ አንድ ልጅ መሃሉን በሲባጎ ወደ ጎን ይሳብና ቀጥ ብላችሁ ሩጡ፤ ጭረቱ ይሰራጫል። የባቡሩ ሽቦም ክንዱ አናት ላይ የሚነካውን ካርቦን አንድ ቦታ እንዳይበላው በየምሰሶው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ግራና ቀኝ ይዛነፋል።

ገመዱን ከመፍታታችሁ በፊት ጀሪካኑን ባዶ አድርጉ። እግሬን አስታውሱ።