ዘይቤን ለይቶ ማንበብ፦ ከክተት አዋጅ እስከ ሽማግሌ ምርቃት

ዘይቤን ለይቶ ማወቅ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚመጣለት ስም መሸምደድ ነው፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ እያለ ይቆጥርና ፈተና ላይ መስመሩን ከስሙ ጋር ያዛምዳል። ስሞቹን ማወቁ አይጠላም፤ አንባቢን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተናጋሪው ቃል ከተራው አነጋገር የት ላይ እንደ ወጣ፣ በመውጣቱም በሰሚው ላይ ምን እንዳደረሰ ማስተዋል ነው። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ማንም ሰው ሊናገረው በሚችል ተራ ቃል መልሰው ይጻፉት፤ ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ከተራው ውስጥ የጎደለውን ይፈልጉ።

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ለዚህ ልምምድ ከሁሉ የሚቀርበው ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ለመዝመት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ነው። በየመጽሐፉ የሚገኘው ቅጂ በአንዳንድ ቃል ቢለያይም ዋናው ነገሩ አንድ ነው። አዋጁ እግዚአብሔር በቸርነቱ «ጠላት አጥፍቶ አገር አስፍቶ» እንዳኖራቸው በመናገር ይጀምራል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ «አገር የሚያጠፋ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት» መምጣቱን ይናገራል። በሁለቱም ቦታ ያለው ግስ ማጥፋት ነው፤ በመጀመሪያው የሚጠፋው ጠላት ሲሆን በሁለተኛው የሚጠፋው አገር ነው። ሰሚው ይህን ቆጥሮ ላያስተውለው ይችላል፤ ነገሩ እንደ ተገለበጠበት ግን ጆሮው ይነግረዋል። ስለዚህ በማንኛውም ንግግር ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ሲመጣ ካዩ ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ተለዋውጠው እንደ ሆነ ይመልከቱ።

ቀጥሎ ጠላት «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» ይላል። ተነጻጻሪ ዘይቤ መሆኑን «እንደ» የሚለው ቃል ወዲያው ስለሚያጋልጠው መለየቱ ብቻውን ብዙ አያስመሰግንም። የሚጠየቀው ስለ ምን ፍልፈል ተመረጠ የሚለው ነው። ጠላትን በነብር ወይም በጅብ መመሰል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነብር ያስፈራል፣ የሚያስፈራ ጠላት ደግሞ ዘማቹን ያስበረግጋል። ፍልፈል ትንሽ ነው፤ ሥራው ከመሬት በታች ስለሆነ ገበሬው የሚያውቀው የተቆለለውን አፈር ሲያይ ነው፤ ዝም ከተባለም ሥር ይጨርሳል። የመንዝ ወይም የተጉለት ገበሬ ይህን ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል። በአንድ ቃል ጠላት ተናቀ፣ ስውርነቱ ተነገረ፣ ቸል ማለት እንደማይገባም ተጠቆመ። በዚያው ዓረፍተ ነገር ንጉሠ ነገሥቱ እስካሁን የታገሡት ያገራቸውን ሰው መድከምና የከብቱን ማለቅ አይተው መሆኑን ይናገራሉ። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነበረና ይህ ለሰሚው የትናንት ቁስል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቀስ ብሎ መነበብ ያለበት ግን ይህ ነው፦ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፤ ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ።» በተራው ቃል «ሁላችሁም እንደ ዐቅማችሁ እርዱኝ» ማለት ነው። ምን ጎደለ? አንደኛ፣ በአዋጁ ያለው «ሁላችሁም» ሳይሆን «አንተ» ነው፤ አዋጁ በገበያ መካከል ሲነገር እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እንደ ተጠራ ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ ያለህና የሌለህ ተነጻጽረው በመቆማቸው ከሁለቱ ውጭ የሚቀር ሰው አይኖርም። ሦስተኛ፣ ልጅ፣ ሚስት፣ ሃይማኖት ተብሎ የተደረደረው ከቤት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። አራተኛ፣ እርዳኝ የሚለው ልመና ከንጉሥ አፍ መውጣቱ ራሱ ክብደት አለው።

ልመናውም ሳይውል ሳያድር ዛቻ ይሆናል፦ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም፤ ማርያምን፤ ለዚህ አማላጅ የለኝም።» ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ተቆራርጦ አጠረ። «ትጣላኛለህ» የሚለው፣ ንጉሥ ሊያደርግ ከሚችለው አንጻር ሲታይ ሆን ተብሎ የተለሳለሰ ቃል ነው፤ መለሳለሱም ያስፈራል። ደግሞም የተማለባት ማርያም በምእመኑ ዘንድ አማላጅ ናት፤ በአማላጇ ስም ምሎ አማላጅ የለኝም ማለት በእኔ ግምት በአዋጁ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ነው። መጨረሻው የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ያዝዛል፤ እዚያ ላይ ምንም ዘይቤ የለም። ቀንና ቦታ ሲነገር ጌጥ መተው እንደሚገባ ተናጋሪው ያውቃል፤ እርስዎም ዘይቤ የሌለበትን ቦታ ማስተዋል ይልመዱ።

ከአዋጅ ወደ ቤት ስንመለስ የሽማግሌ ምርቃት አለ። «ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ» ሲባል ሁለቱ ሐረጎች በቃል ብዛትም፣ በግስ ቅርጽም፣ በቤትም እኩል መሆናቸውን ማንም ይሰማል። ከዚህ የሚጠልቀው ግን መቃምና መሳም ናቸው። እሸቱን ከመዳፍ ወደ አፍ ማድረግ የመኸሩን ሁሉ፣ ሕፃኑን መሳም የማሳደጉን ሁሉ ይወክላል፤ ከፊሉ ለሙሉው ቆሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለመለየት «ይህ ድርጊት ብቻውን ምኞት ሊሆን ይበቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሰምና ወርቅ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለማሳያ እዚሁ ያዘጋጀሁት ግጥም ይኸውና፦

ጋቢዬን ደራርቤ ብቆም ከደጃፏ፣
በረደ የሚል ቃል ብቻ ወጣ ካፏ።

የደብረ ብርሃንን ማለዳ ለሚያውቅ ሰሙ ግልጽ ነው፤ አየሩ ቀዝቅዟል። ወርቁ ፍቅሯ መቀዝቀዙ ነው። ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የያዘውን ቃል፣ ለማግኘት ለአየርም ለሰው ስሜትም ሊነገር የሚችለውን ግስ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ግስ ነው፣ ካልሆነም ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ነው። ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ የተጠረጠረውን መስመር ድምፅ አውጥቶ በሁለቱም መንገድ ማንበብ ያስፈልጋል። በሆታና በሰርግ ዘፈን ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ስንኝ አንዳንዴ የገባው ቤት ለመምታት ብቻ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ወርቅ ለመቆፈር አይድከሙ።

ምጸት በንግግር ሲሆን በድምፅ ይታወቃል፤ በጽሑፍ ግን የሚታወቀው ቃሉና ሁኔታው ባለመስማማታቸው ነው። አንድ ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መንገዳችን እንኳ ተመስገን ነው፤ በክረምት የጎደለን ጀልባ ብቻ ነው» ቢል ምስጋናውን እንደ ምስጋና የሚይዝ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ያበላሻል። መልስ የማይፈልግ ጥያቄም እንዲሁ ከሁኔታው ይታወቃልና ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ከአገልግሎት ብዛት የደነዘዘው አባባል ነው። «ፀሐይ ገባች» ወይም «ሆዴ ባባ» የሚለውን ሁሉ ዘይቤ ብሎ ማስመር ገጹን ከማጥቆር በቀር ፋይዳ የለውም። ጸሐፊው አባባሉን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው ግን ያስምሩበት። «ሆደ ሰፊው ሹም የመጋዘኑን እህል ሁሉ ቻለው» ቢል፣ ሆደ ሰፊም ቻለም ትዕግሥትን የሚያመሰግኑ መስለው ሆዳምነትን ይከሳሉ። ከተናጋሪ ዘንድ የሚደጋገመውም ሁሉ ድግግሞሽ የሚባለው ዘይቤ አይደለም፤ «እንደሚታወቀው» እና «ማለት ነው» በየመድረኩ የሚመላለሱት የሚቀጥለው ሐሳብ እስኪመጣ ጊዜ ለመግዛት ነው። ለመለየት ድግግሞሹን አንዱን ይሰርዙና ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም ካልተጓደለበት ይለፉት።