የጂኤስኤም ማንቂያ ደወል ዝም ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አዳማ ውስጥ ሱቅና መጋዘን ላይ የሚገጠመው ማንቂያ ደወል አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ የሚደውለው በሲም ካርድ ነው። ሲሙ ሥራ ሲያቆም የደወሉ መቆጣጠሪያ ሳጥን ግድግዳው ላይ መብራቱን እያበራ እንዳለ ይቀጥላል፤ ያየው ሁሉ ደህና ነው ይላል። ይህን የሚያጋልጠው የዕለት የሙከራ መልእክቱ፣ ማለትም ሳጥኑ መሥራቱን ለማሳወቅ በየቀኑ ወደ ስልክዎ የሚልከው አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ ሲመጣ ልብ ባይሉትም ችግር የለውም፤ ሲቀር ግን በዚያው ቀን መታወቅ አለበት። ስለዚህ ስልክዎን በማይለዩበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ እንዲደርስዎ ያድርጉ። እስከ 3 ሰዓት ካልደረሰ ፍተሻ ይጀምሩ።

መልእክቱ አልመጣም፤ ሲደወልለት ግን ይጠራል

ኔትወርክ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሂሳቡ ነው። ሂሳብ ያለቀበት ሲም ጥሪ ይቀበላል፣ መልእክት መላክ ግን አይችልም። ሳጥኑን አጥፍተው ሲሙን ስልክ ውስጥ ያስገቡና፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ *804# ይደውሉ። ወርሃዊ ጥቅል ብቻ እየገዙ ዋናውን ሂሳብ ባዶ መተው አይመከርም፤ ጥቅሉ ባለቀበት ሌሊት ደወሉም አብሮ ዝም ይላል። ሁልጊዜ መጠባበቂያ ሂሳብ ይኑረው።

ሂሳቡ ካለ፣ ሳጥኑ ግን የሚልኩለትን ትእዛዝ አልቀበል ካለ፣ የሲሙን የመልእክት ማስቀመጫ ይዩ። ሲም ላይ የሚቀመጠው መልእክት በጣት የሚቆጠር ነው፤ የማስታወቂያ መልእክቶች ይሞሉትና ትእዛዝ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። ሲሙ ላይ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። ስልኩ ውስጥ እያለም የሲሙን የፒን ቁልፍ ያንሱ፤ ፒን የሚጠይቅ ሲም አብዛኛው ሳጥን ውስጥ አይነሳም።

መልእክቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይመጣል

ይህ ብልሽት አይደለም። ሳጥኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ብለው 02:00 ከጻፉ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይልካል። 08:00 ብለው ያስተካክሉ። ሰዓቱ በየጊዜው ከተዛባ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባትሪው አልያዘውም ማለት ነውና ወደ ባትሪው ይሂዱ።

መልእክት ሊልክ ሲል ይጠፋና እንደገና ይነሳል

ብዙ ሰው ሳጥኑን ቀይሮ ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የኔትወርክ መብራቱም እንደ ብዙዎቹ ሞጁሎች (ሳጥኑ ውስጥ ሲሙን ይዞ የሚደውለው ክፍል) በየ3 ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ልክ መልእክት መላክ ሲጀምር መብራቱ ይጠፋና በየሰከንዱ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ ኔትወርክ እንደ አዲስ እየፈለገ ነው። ምክንያቱ ኃይል ነው። የ2ጂ ሞጁል በሚልክባት ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። አዳፕተሩ 500 ሚሊአምፒር ከሆነ፣ ወይም ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ቮልቴጁ ያን ጊዜ ይወርዳል።

ተራ ቴስተር ይህን መውረድ ላያሳይ ይችላል፤ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ መለካት ላይ ጊዜ ከማጥፋት 12 ቮልት 2 አምፒር አዳፕተር አምጥቶ መሞከር ይሻላል። ሽቦውን ወደ 0.75 ወይም 1 ሚሊሜትር ካሬ ያሳድጉ፤ ከሳይረኑ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነ ይለዩት። የተርሚናል ብሎኖቹንም አንድ በአንድ ያጥብቁ። በእጅ ሲጎተት የሚንቀሳቀስ ሽቦ ካለ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

የባትሪ ማስጠንቀቂያ (ለጥበቃ ድርጅት በሚላከው ኮድ 302) ይደጋገማል

የተለመደው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። መብራት እያለ ሲለካ 13.6 እስከ 13.8 ቮልት ማሳየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጥፋቱ ከቻርጀሩ ሊሆን ስለሚችል ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ያረጋግጡ። ቻርጁ ልክ ከሆነ የመብራቱን ፊውዝ አውርደው ሳይረኑን ለ2 ደቂቃ ያስጩሁ፤ ቮልቴጁ ከ11.5 በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር።

እንዲህ ያለ ባትሪ 25 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የአዳማ ፀሐይ የሚያርፍበት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሳጥን ባትሪውን ቶሎ ይገድላል። ሳጥኑን ወደ ታች፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ያውርዱት፤ የገጠሙበትን ቀንም ባትሪው ላይ በማርከር ይጻፉ።

መብራት ተመልሶ ሳለ የመብራት ማስጠንቀቂያው (301) ካልተነሳ ብሬከሩንና ፊውዙን፣ ቀጥሎ አዳፕተሩን ይዩ። መብራት ሲመጣ አብሮ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ አዳፕተር ያቃጥላል።

ሲደወልለት አይገኝም፣ ወይም አንዴ ይገኛል አንዴ አይገኝም

ሰፈሩ በሙሉ መብራት አጥቶ ከቆየ የኔትወርክ ማማውም ባትሪ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ በራስዎ ስልክ እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። ስልክዎ የሚሠራ ከሆነ አንቴናውን ይመልከቱ። ሳጥኑ ከ0 እስከ 31 የሚቆጠር የሲግናል ቁጥር ይሰጣል፤ 10 ማለት ወደ -93 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ነው፣ ከዚያ በታች አይታመንም። 99 ካለ ጨርሶ አላነበበም። ብረት ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለ አንቴና ወይም የብረት መዝጊያ ጀርባ የተለጠፈ አንቴና ዋናው ጥፋተኛ ነው። ወደ ውጭ ያውጡት፣ ከሴንሰር ሽቦዎችም ያርቁት፤ ሲጠጋቸው የሐሰት ጩኸት ያመጣል። ገመዱ ከተጣጠፈ ወይም የነሐስ ማያያዣው አቧራ ከያዘ ያጽዱና ያጥብቁ።

ከጥገና በኋላ

የሙከራ መልእክት በእጅ ያስልኩና እስኪደርስ ይጠብቁ። ቀጥሎ መብራቱን ያጥፉ፤ የመብራት ጠፋ መልእክቱ ባስቀመጡት መዘግየት ውስጥ መድረስ አለበት። 30 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ካረዘሙት መስመር የሚቆርጥ ሌባ ጊዜ ያገኛል። መብራቱን መልሰው መጣ የሚለውንም ይጠብቁ። የጥበቃ ድርጅት ጋር የተያያዘ ከሆነ 602 የሚለው የዕለት ሙከራ እንደደረሳቸው ደውለው ይጠይቁ፤ ሳይደርስ ሲቀር ማን እንደሚደውልልዎም አብረው ይጠይቁ።

በቀን አንዴ የሚመጣ መልእክት እስከ 24 ሰዓት የሚደርስ ክፍተት ይተዋል። ለወርቅ ቤት ይህ አይበቃም፤ በዳታ በየጥቂት ደቂቃው ደህና ነኝ የሚልና ሲቋረጥ አፑ ላይ የሚታይ ሳጥን ይምረጡ።