አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ፦ ሦስቱ ቀን ሳያልፍ

የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው፣ ማለትም ኤችአይቪ በደሙ ላለ፣ የካንሰር መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን ለወራት ለዋጠ፣ አልማዝ ባለጭራ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ በአንድ ወገን፣ ብዙ ጊዜ ጎን ላይ፣ ያቃጥላል፤ ቆዳው ገና ምንም አይታይበትም። ከቀናት በኋላ ቦታው ይቀላና ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በመስመር ይወጣል። ያን ጊዜ የገበያ ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ የበሽታውን ቫይረስ የሚገታው ክኒን፣ አሲክሎቪር፣ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቢያልፍም ሂዱ፤ አዲስ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ይታዘዛል።

ለአዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 እስከ 10 ቀን ነው። ባለ 400 ከሆነ 2 ፍሬ፣ ባለ 200 ከሆነ 4 ፍሬ በአንዴ ይዋጣል። ሰዓቱን እንዲህ ያዙት፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። ብዙ ሰው በቀን 3 ጊዜ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱ ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ግን ቫይረሱ በመሃል ፋታ ያገኛል። ውኃ በብዛት ጠጡ፣ አለዚያ ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይቀነስለታል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የገባችሁም ክኒኑን ይዛችሁ ግቡ።

ሽፍታውን አታፍርጡ። ቅጠል ጨምቆ መቀባት ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ ቤታሜታዞን ቅባትም አይሆንም። ፈልቶ በበረደ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በታጠበ ስስ ነጠላ ሸፍኑት። የመንዝ ብርድ ባና ያስለብሳል፤ ሱፉ ግን ቁስሉን ስለሚፈገፍገው ነጠላው ከሥር ይሁን። ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ከነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ራቁ።

የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊጠፋ ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ወደ ሌላው ወገን ከተሻገረ ወይም ገላን ካዳረሰም እንደዚያው፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል።

የኤችአይቪ መድኃኒት በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊወጣ ይችላል። ሰውነት አቅሙን መልሶ ሲያገኝ የሚከሰት ነውና «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላችሁ አታቋርጡ። ኤችአይቪ ያልተመረመረ ይመርመር። ቁስሉ ደርቆ ሕመሙ ከወር በላይ ከቆየ ፓራሲታሞል ብቻውን አይበቃም፤ ለነርቭ ሕመም ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ።