በዋሽንግተን ሜትሮ ጊዜና ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

ሲልቨር ስፕሪንግን በሲልቨር መስመር መፈለግ

ስሙ ያሳስታል። ሐበሻ የሚበዛበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በቀዩ መስመር ላይ ነው፤ ሲልቨር መስመር በዚያ በኩል ድርሽ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሲልቨር መስመር ደለስ ኤርፖርት ከገባ ወዲህ ደግሞ ስህተቱ በዛ። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ኤርፖርቱ ውስጥ «ሲልቨር» የሚል ቃል ሲያይ ቀጥታ የሚያደርሰው ይመስለዋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ከደለስ ሲሳፈሩ ግንባሩ ላይ «ዳውንታውን ላርጎ» ወይም «ኒው ካሮልተን» የተጻፈበትን ባቡር ይያዙ። «አሽበርን» የሚለው ከከተማው ያርቅዎታል፤ ከሁለት ጣቢያ በኋላም መንገዱ ያልቃል። 50 ደቂቃ ያህል ተጉዘው ሜትሮ ሴንተር ይውረዱና ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጡ፤ ቀዩ መስመር እዚያ ነው። እዚህ ጋ ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚሳፈሩት ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነው ነው። የእርስዎ ግሌንሞንት የሚለው ነው። ካጠራጠረዎት ፕላትፎርሙ ላይ የቆመውን ቡናማ ምሰሶ ያንብቡ። ከዚያ በኩል የሚደረስባቸው ጣቢያዎች በተራ ተጽፈውበታል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሌለ የቆሙት በተሳሳተው ማዶ ነው።

ተሳስተው ወደ ሼዲ ግሮቭ የሚሄደውን ከያዙም አይደንግጡ። ቀጣዩ ጣቢያ ፋራጉት ኖርዝ ፕላትፎርሙ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ስለሆነ ወርዶ ዞር ማለት ብቻ ነው፤ የመመለሻው ባቡር በጀርባዎ በኩል ይመጣል። ከጌት እስካልወጡ ድረስ ለዚህ የሚከፍሉት ነገር የለም።

የቀለም ባሪያ መሆን

ከሮዝሊን እስከ ስታዲየም አርመሪ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማውና ሲልቨሩ የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። ከፎጊ ቦተም ሜትሮ ሴንተር የሚሄድ ሰው ሁለት ባቡር አሳልፎ «የእኔን ቀለም» ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ መሐል ከሆነ መንገድዎ፣ የመጣውን ይሳፈሩ። ከዚያ ውጭ ከሆነ ግን ከቀለሙ ይልቅ የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ይመኑ።

በአንድ ካርድ ቤተሰብ ማሳለፍ

ሜትሮ የሚያስከፍለው በርቀት ስለሆነ ስማርትሪፕ የሚባለውን የመክፈያ ካርድ ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ግድ ነው። ካርዱ የት እንደገቡ ይይዛል፤ ስለዚህ ከአገር ቤት የመጡትን እናትዎን በእርስዎ ካርድ አስገብተው እርስዎም በዚያው ልግባ ቢሉ ጌቱ እምቢ ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል፤ ዋጋው 2 ዶላር ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከከፋይ አዋቂ ጋር በነፃ ይገባሉ፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ።

ከ2025 ወዲህ በባንክ ካርድም መግባት ይቻላል። ችግሩ ሰው በፕላስቲኩ ካርድ ገብቶ በስልኩ ለመውጣት መሞከሩ ነው። ሒሳቡ ከአንድ ባንክ ቢሆንም ማሽኑ የሚያያቸው እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ነው። በገቡበት ይውጡ።

ሌላው ደግሞ ብዙዎች የማያመለክቱበት ነገር፤ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚያገኝ ሰው «ሜትሮ ሊፍት» በሚባለው ፕሮግራም ግማሽ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። መመዝገብ ብቻ ነው። በየቀኑ ለሥራ ለሚመላለስ ሰው በወር የሚያተርፈው ቀላል አይደለም።

ሰዓቱን አለማስላት

በሥራ ቀን ከንጋት እስከ ማታ 3:30 (በእኛ አቆጣጠር) ታሪፉ እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላና ቅዳሜና እሁድ ቀኑን ሙሉ ከ2.50 አይበልጥም። ቀጠሮዎ ለግማሽ ሰዓት መዘግየት ከቻለ ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣ ሰው አራት ዶላር ያህል ይተርፈዋል።

ከእሁድ እስከ ሐሙስ ሜትሮው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋል ሲባል ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ይጓዙበታል ማለት አይደለም። የመጨረሻው ባቡር እርስዎ ካሉበት ጣቢያ የሚነሳው ከዚያ ቀድሞ ሊሆን ይችላል፤ መስመር የሚቀይሩ ከሆነም የሁለተኛውን መስመር የመጨረሻ ባቡር ጭምር ይዩ። የፈረንጁንና የአበሻውን ሰዓት የቀላቀለ ሰው ደግሞ ታክሲ ጠርቶ ቤቱ ይገባል።

በሩን በእጅ መያዝ

የሊፍት በር እጅ ሲያገኝ ይከፈታል፤ የሜትሮ በር እንደዚያ አይደለም። ይነክሳል። በሩ ከተበላሸ ባቡሩ ከአገልግሎት ይወጣና በውስጡ ያለው ሰው በሙሉ ይራገፋል።

ባሱን እንደ ሌላ ጉዞ መቁጠር

በስማርትሪፕ ከባቡር ወርደው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሜትሮባስ (የሜትሮውን አውቶቡስ) ከተሳፈሩ የባሱ 2.25 ይቀነስልዎታል። ከባስ ወደ ባቡርም ያው ነው። በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ ግን ይህ የለም፣ መልስም አይሰጥም። በ2025 ሰኔ መጨረሻ የባሶቹ ቁጥር ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለተቀየረ፣ የቆየ ሰው በቃሉ የሚነግርዎትን ቁጥር ይዘው ፌርማታ ላይ አይቁሙ።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ነፃ ባስ እያለ የሚከፍለው ሰው ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ባስ ዳሽ ከ2021 ጀምሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ባስ ራይድ ኦን ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ክፍያ አይጠይቁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሜትሮባስም ራይድ ኦንም ይቆማሉ፤ ወደሚሄዱበት ራይድ ኦን ካለ በዚያ ይግቡ።

ሻንጣ ይዞ በኤስካሌተር መውረድ

ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በኤስካሌተር አይሞከርም፤ አንዱ ካመለጠ ከፊት ያለውን ሰው ይጥላል። ሊፍት ይጠቀሙ፣ ሲገቡም ሰፊውን ጌት ይምረጡ። ከመነሳትዎ በፊት ግን የሚወርዱበት ጣቢያ ሊፍት እንደሚሠራ በሜትሮ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ። ባዶ እጅዎን ሲሆኑ ደግሞ በኤስካሌተሩ ቀኝ በኩል ይቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው።