ውጤቱ ካላችሁ፣ ቀሪው ሥራ ይሄ ነው

ትልልቆቹ የውጭ ስኮላርሺፖች ላይ የሚያመለክተው ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣው፣ ሜዳሊያ ያጠለቀው፣ ሳይመረቅ ጽሑፍ ያሳተመው፣ ሁሉም እዚያ ሰልፍ ላይ አለ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ጌትስ ካምብሪጅ በዓመት ከመላው ዓለም የሚወስደው 80 ሰው ገደማ ነው። የስታንፎርዱ ናይት ሄነሲ ቢበዛ 100። የኦክስፎርዱ ሮድስ ከ100 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ጂፒኤ የመጀመሪያውን ወንፊት ያሳልፋችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሌላ ነው። ፋይላችሁን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ነገር ቀላል ነው፤ ይሄ ልጅ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ገብቶታል? ለዚያስ የኛ ትምህርት ለምን አስፈለገው?

እኔ ይሄ የገባኝ ሁለቴ አመልክቼ ሳልመረጥ ከቀረሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን አሁን ሳነበው ፊቴን መሸፈን ያምረኛል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን በሙሉ በዓረፍተ ነገር ገልብጬ ነው የላክሁት።

ከምርጫ እንጀምር። ሃያ ቦታ መበተን ልፋት ብቻ ነው። የሚሆኗችሁን ሦስት ወይ አራት ያዙ፣ መስፈርታቸውንም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ቺቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ የአንድ ዓመት ማስተርስ ያስተምራል፣ ግን ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ በሰዓት ሲቆጠር 2,800። ልምድ የሌለው አመልካች የቱንም ያህል ቢጎብዝ አያልፍም። (የበጎ ፈቃድ ሥራና ኢንተርንሺፕም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሰዓታችሁን ደምሩ።) ስትጨርሱም አገራችሁ ተመልሳችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለባችሁ። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ፕሮግራሞቹ እንዲሁ ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ ዲግሪው ደግሞ በአብዛኛው ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። መቸኮልም መዘግየትም ያስጥላል ማለት ነው።

ገና በመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ሰው የአውሮፓ ኅብረቱን የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ኤራስመስ ሙንዱስን ይመልከት። ቢያንስ ሁለት አገር ውስጥ ትማራላችሁ፣ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈላችኋል፣ እስከ 24 ወር። ግን ልብ በሉ፣ አውሮፕላኑም ቪዛውም ቤት ኪራዩም ከዚያችው ብር ነው የሚወጣው። መርጦ የሚቀበለውም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ስለሆነ ለአንዱ የጻፋችሁትን ስሙን ቀይራችሁ ለሌላው አትላኩ። ስም መቀየር የረሳ አመልካች በየዓመቱ አይጠፋም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማመልከቻው ከመዘጋቱ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ዝግጅት ጀምሩ። ለብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ትምህርቱ ሊጀመር ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎቹ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል ፈተናውን ቀደም ብሎ መፈተን ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም አልሆን ካለ ለመድገም ጊዜ ይኖራችኋል። ፓስፖርትና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጡበት ነገር አይደለም።

ዴድላይን ላይ ደግሞ ከቀኑ በላይ ሰዓቱን እዩ። እኔ አንዴ እኩለ ሌሊት መስሎኝ ማታ ተረጋግቼ ልልክ ስቀመጥ ቅጹ ተዘግቶ አገኘሁት። የሚዘጋው እኩለ ቀን ነበር፣ ያውም በግሪንዊች ሰዓት። የስምንት ወር ዝግጅት እንደዚያ ነው ውሃ የበላው። ከዚያ ወዲህ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ካልላክሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን ሰው ሁሉ ችላ ወደሚለው ነገር ልምጣ፣ ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም የሚያውቃችሁ ሰው ስለ እናንተ የሚጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ። አብዛኛው ተማሪ ትልቅ ማዕረግ ያለው ሰው ያሳድዳል። የፋኩልቲው ዲን ይጻፍልኝ ይላል። ዲኑ ግን አያውቃችሁም፣ ስለዚህ የሚጽፈው «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነው» ብቻ ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ስለማንም ሊጻፍ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከረ ወጣት መምህር፣ ሌሊት ላብራቶሪ ውስጥ ስትደክሙ ያየ ሰው፣ ከዲኑ አሥር እጥፍ ይጠቅማችኋል። ሁለት ወር ቀድማችሁ ጠይቁት። እንዲህ አድርጋችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ለኤራስመስ ሙንዱስ ላመለክት ነው፣ ደብዳቤው የሚገባው እስከ ጥር 5 ነው። እርስዎን የጠየቅሁት የመመረቂያ ሥራዬን ከመጀመሪያው ስላዩት ነው፣ በተለይ መረጃው ተበላሽቶ እንደገና የሰበሰብንበትን ጊዜ ያስታውሱታል ብዬ ነው። በደንብ ሊጽፉልኝ የሚችሉ ካልመሰለዎት ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም። ከተመቸዎት ሲቪዬን፣ የፕሮግራሙን መስፈርትና አብረን የሠራነውን በአንድ ገጽ አያይዤ እልክልዎታለሁ።»

አያችሁ? መውጫ በር ሰጥታችሁታል፣ የሚጽፈውንም አስታውሳችሁታል። «አንተው ጻፈውና ልፈርምልህ» የሚል ከገጠማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሐቀኝነቱ ይቅርና፣ ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው አፍ ሲያወራ ሺህ ፋይል ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ዴድላይኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዴ፣ አራት ቀን ሲቀረው ደግሞ አንዴ በትሕትና አስታውሱ። መነዝነዝ አይደለም፣ መምህራን ሥራ ይበዛባቸዋል።

ኤሴዩ፣ ማለትም ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ፣ ዋናው ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለውሃ ምህንድስና ልዩ ፍቅር ነበረኝ፣ ይህ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሕልሜን እውን ያደርግልኛል» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አንባቢው ዛሬ ብቻ ሃያ አይቷል። አሁን ያንኑ ልጅ እንደገና እናጽፈው፦

«ለልምምድ የሄድኩበት የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የክሎሪኑን መጠን የሚለካው በቀን አንዴ ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራን። ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ሴንሰሩ በዝቃጭ ተሸፍኖ ቆመ። ሁለት ጊዜ ቀየርነው፣ ሁለቴም ቆመ። የጎደለን የሴንሰር ኬሚስትሪ ነው፣ የእናንተ ፕሮግራም ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የሚሰጠውም እሱ ነው።»

ሁለተኛው ላይ አንድም «ታታሪ» የሚል ቃል የለም። ግን ታታሪ መሆኑ ይታያል። መሣሪያው መበላሸቱን አልደበቀም፣ እንዲያውም ለምን መማር እንደፈለገ ያስረዳው ብልሽቱ ነው። አንድ ነገር ምረጡ፣ እውነት የሠራችሁትን፣ እሱ ላይ ቆዩ። «የመሪነት ብቃት» ሲባልም የክበብ ሊቀ መንበርነት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አንድ የተጣላ ቡድን አስታርቃችሁ ሥራ ያስጨረሳችሁበት ቀን ከአምስት ማዕረግ ይበልጣል፣ ማን ምን እንዳለ፣ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ፣ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ከጻፋችሁት።

ጽሑፉን ለኤአይ አስረክባችሁ አትተኙ። የሚወጣው ነገር ለስላሳ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ለስላሳ ነው። ሮድስ ላይ ደግሞ የግል ጽሑፉ የራሳችሁ ሥራ መሆኑን አረጋግጣችሁ ነው የምትልኩት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፋችሁ ላይ የተደናቀፈው ቦታ መስተካከል አለበት።

ኢንተርቪው ከተጠራችሁ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ደጋግማችሁ አንብቡ፣ ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። መልስ አትሸምድዱ። ከመስካችሁ ውጪ የሆነ ጓደኛ አስቀምጡና «ለምን ይሄ? ለምን አሁን? ባይሳካስ?» እያለ ያፋጣችሁ። የማታውቁትን አላውቅም ማለት አያስጥልም፣ ማምታታት ግን ያስጥላል።

አጭበርባሪዎችንም ተጠንቀቁ። ቺቭኒንግ ማመልከቻው ነፃ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የማመልከቻ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፣ ግን ብር ተቀብሎ «አስመርጣችኋለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው፣ በቃ።

ውጤት ሲመጣ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከገባችሁ አትዘኑ፣ ብዙ ቦታ የተመረጠ ሰው አንዱን ሲለቅ ዝርዝሩ ይንቀሳቀሳል። ኢሜይላችሁን በየቀኑ እዩ፣ ለመመለስ የሚሰጧችሁ ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ካልተመረጣችሁም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት አብዛኞቹ ጋ ይቻላል፣ ያኔ አሮጌውን ኤሴይ አትጠጋግኑት፣ በዓመቱ ውስጥ የሠራችሁትን ይዛችሁ ከባዶ ጻፉ። ደብዳቤ ለጻፉላችሁ መምህራን ደግሞ አለፋችሁም ወደቃችሁም በዚያው ሳምንት ንገሯቸው። እነሱም እየጠበቁ ነው።