ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ ባሕር ዳር ልጅ መናገር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚባለው "አባቱም እንደዚሁ ነበር" ነው። እኛም ቤት ተብሏል። የእህቴ ልጅ 2 ዓመት ሞልቶት ከ"እማ" እና ከ"ውሃ" አላለፈም ነበር። "ዘሩ ነው፣ ይፈታል" ብለን ተቀመጥን።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዘግይቶ የተናገረ ዘመድ መኖሩ እውነትም የልጁን የመዘግየት ዕድል ይጨምራል። ግን ቶሎ ለማስመርመር ምክንያት ነው እንጂ ለመጠበቅ አይደለም። በ2 ዓመቱ 50 ያህል ቃላት ከሌሉት፣ ወይም "እማ ነይ" ብሎ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ ይታይ። ብዙዎቹ በራሳቸው ይደርሳሉ፤ የትኛው እንደሚደርስ አስቀድሞ መለየት ግን ከባድ ነው። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይመርመር። የኛው ልጅ በር ሲንኳኳ ስለሚዞር "ይሰማል" ብለን ነበር። ከኋላው ሆነን ቀስ ብለን ስሙን ስንጠራው ግን አይዞርም። ለካ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሯል።

ሁለተኛው፣ ሁሉን በአንድ ዘረ መል (ጂን) ማሳበብ ነው። ፎክስ ፒ 2 የሚባለው ዘረ መል በ2001 እ.ኤ.አ. የታወቀው፣ ብዙ አባላቱ ለመናገር በሚቸገሩ አንድ የእንግሊዝ አገር ቤተሰብ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። በአብዛኛው ብዙ ዘረ መሎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ።

እናትን መውቀስም አለ። "አላወራሽውም እኮ!" እህቴ ይህን ሰምታ ስንቴ አልቅሳለች። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን፣ ዘረ መላቸው አንድ የሆነ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች በቋንቋ ችግር ከሌሎቹ መንትዮች ይበልጥ እንደሚመሳሰሉ ያሳያሉ። ነገሩ የአስተዳደግ ብቻ አይደለም።

እኔን ከሁሉም ያንገበገበኝ የአያቱ ነገር ነው። የአባቱ እናት ከእንጅባራ የመጡ አገው ናቸው። "አገውኛ አያውሩት፣ ግራ ይገባዋል" ተባሉ። አማርኛው ስለማይቀናቸው ዝም አሉ። ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር ከማንም በላይ የሚያወሩት እኮ እሳቸው ነበሩ! ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቃላቱ ሲቆጠሩም የሁለቱም ይደመራል።

ስልክ ሰጥቶ መተው ጨዋታን አይተካም፤ ስልክ የልጁን ዓይን አይቶ አይመልስም።

"በል፣ ካላልክ አልሰጥህም" እያሉ ማስጨነቅም ይቅር። አሁን ጣና ዳር ስንወጣ ልጁ የደንገል ታንኳ አይቶ "ታ!" ይላል። እህቴ "አዎ፣ ታንኳ! ታንኳዋ ሄደች" ብላ ትጠብቀዋለች። አያቱ ደግሞ በአገውኛቸው ይቀጥላሉ።