የበርሚንግሃምን የሲቪል መብት ትግል ከመንገዱና ከሰነዱ ተነሥቶ ማስተማር

በአሜሪካ አላባማ ግዛት የምትገኘው በርሚንግሃም የጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ትግል ከተፋፋመባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዚያው ከተማ የሚያድግ ተማሪ ግን ታሪኩ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ስም ተጠቅልሎ ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 መጣ፣ ታሰረ፣ ከእስር ቤት ደብዳቤ ጻፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተለወጠ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር ባይኖርም፣ ተማሪው በየቀኑ የሚረግጠው መንገድና በጎረቤት የሚያውቃቸው አረጋውያን ከታሪኩ ውጭ ይቀራሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነርሱን ወደ ታሪኩ ለመመለስ ለሚሹ መምህራንና የማኅበረሰብ አስተባባሪዎች ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቱን ከሰልፉ ሳይሆን ሰልፉን ካስነሣው የከተማ ደንብ ይጀምሩ። የበርሚንግሃም ደንብ ነጭና ጥቁር ተመጋቢዎች በአንድ ክፍል እንዳይስተናገዱ ይከለክል ነበር፤ የሚፈቅደው ቢያንስ 7 ጫማ ከፍታ ያለው ድፍን ግድግዳ ከለያቸውና ለየራሳቸው ከመንገድ የሚያስገባ በር ከተሠራላቸው ብቻ ነው። ሌላው አንቀጽ ደግሞ ጥቁርና ነጭ አብረው ካርታ፣ ዶሚኖ ወይም ዳማ መጫወታቸውን ጥፋት ያደርገው ነበር። ደንቡን አንብቦ ማለፍ አይበቃም። አንድ ተማሪ በሜትር ለክቶ 7 ጫማውን፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ከፍታ፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያስምር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀጥላል፦ ግድግዳውን በማን ወጪ ያሠሩታል? ማን እየዞረ ይቆጣጠራል? አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት ሁለተኛ በር ከየት ታመጣለች? ተማሪዎቹ በዚህ መንገድ መድልዎ የክፉ ሰዎች ጠባይ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ የሰፈረና አስፈጻሚ የተመደበለት አሠራር እንደ ነበረ ይረዳሉ። በእኔ ግምት ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ስለ ጀግኖች ከሚሰጥ የሳምንት ገለጻ ይልቃል።

ቀጥሎ የአካባቢው ሰዎች ትግሉን ቀድመው መጀመራቸውን ያሳዩ። አላባማ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነውን አገር አቀፍ ማኅበር በ1956 ስታግድ፣ የቤተል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ፍሬድ ሻትልስወርዝ በዚያው ወር ሌላ የአካባቢ ንቅናቄ አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የገና ሌሊትም ቤታቸው በዲናሚት ፈረሰ። ኪንግ ለ1963ቱ ዘመቻ ወደ ከተማዋ ከመምጣታቸው ከስድስት ዓመታት በፊት ማለት ነው።

የእግር ጉብኝቱ አንድ ቀንና አንድ መንገድ ላይ ቢያተኩር ይሻላል። የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ የኬሊ ኢንግራም መናፈሻና የጋስተን ሞቴል እርስ በርስ የሚቀራረቡ ሲሆኑ፣ ከጥር 2017 ጀምሮ በብሔራዊ መታሰቢያነት የታወጀው ሥፍራ አካል ናቸው። ተማሪዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አቁመው ፊታቸውን ወደ መናፈሻው እንዲመልሱ ያድርጉ። ግንቦት 2 ቀን 1963 ከሺህ በላይ የሚሆኑ ልጆች ከትምህርት ቀርተው በቡድን በቡድን ከዚህ በር ወጡ፤ በማግሥቱ የፖሊስ ውሾችና የእሳት አደጋ መከላከያ የውኃ ቱቦዎች ተለቀቁባቸው። ከበሩ እስከ መናፈሻው ያለው አንድ መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው፤ ተማሪው ይህን ርቀት በእግሩ ሲለካ በዕድሜ እኩዮቹ የሆኑት ልጆች ምን ያህል በቅርብ አደጋ እንደ ገጠማቸው ራሱ ይደርስበታል። በመናፈሻው ያሉት ሐውልቶች ዓይን የሚስቡ በመሆናቸው ቀድመው ከታዩ ቦታውን ይሸፍኑታል፤ ስለዚህ ለመጨረሻ ይቆዩ።

በመስከረም 15 ቀን 1963 በዚሁ ቤተ ክርስቲያን በፈነዳው ቦምብ አራት ልጃገረዶች ሞተዋል፤ በዚያው ዕለት በከተማዋ ሁለት ጥቁር ወንዶች ልጆችም በጥይት ተገድለዋል፤ የእነርሱ ስም ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለታናናሾቹ ተማሪዎች የአሟሟታቸውን ዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። ከፍ ላሉት ግን ጥፋተኞቹ የተፈረደባቸው በ1977፣ በ2001 እና በ2002 መሆኑን ነግረው፣ በመካከሉ ምስክርና ማስረጃ ምን እንደሚሆኑ ይጠይቋቸው።

ሰነድ ሲያነቡ ሁለት ምንጮችን ጎን ለጎን ያድርጉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የመዛግብት ክፍል የከተማዋ የጸጥታ ኮሚሽነር የነበረውን የዩጂን ኮነርን ወረቀቶች ይዟል። የግንቦት 1963 ጋዜጦችን ደግሞ ዜናው በየትኛው ገጽ እንደ ወጣ እየመዘገቡ ያወዳድሩ። የከተማዋ ዕለታዊ ጋዜጣ በዘመኑ ያላወጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ የፎቶግራፍ ኔጌቲቮች በአንድ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተገኝተው የተወሰኑት የታተሙት በ2006 ነው፤ ይህ ታሪክ ብቻውን ስለ ዝምታ ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

ጊዜ የማይሰጠው ሥራ የቃል ምስክርነት መቅዳት ነው፤ በ1963 የ14 ዓመት ልጅ የነበሩት ዛሬ ከ70 ዓመት አልፈዋልና። ሁለት ተማሪዎች አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው መቅረጫውን ይከታተል። «ምን ተሰማዎት?» ብሎ መጀመር የተለመደና የተዘጋጀ መልስ ያመጣል፤ «ያን ጊዜ የት ሰፈር ይኖሩ ነበር? ትምህርት ቤት በየት በኩል ይሄዱ ነበር?» የሚለው ግን በር ይከፍታል። ያልተሰለፉትንም ይጠይቁ፤ ሥራቸውን እንዳያጡ የፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት አናስወጣም ማለታቸው የታሪኩ አካል ነው። ተራኪው ከሰነዱ የሚለይ ነገር ቢናገሩ ቃላቸው አይታረም፤ ለምሳሌ የትምህርት ቦርዱ በሰልፉ የተሳተፉ ከሺህ በላይ ተማሪዎችን ያባረረበትና የፌዴራል ይግባኝ ዳኛ በቀናት ውስጥ የሻረው ውሳኔ በሰው ትዝታ ውስጥ ከዚያ የረዘመ ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱ በኅዳግ ማስታወሻ ይያዝ።

ከቅጂው በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፣ አንዱን ቅጂ ለተራኪው ይስጡ፣ ፋይሉን በቀንና በቦታ ይሰይሙ። ከ1992 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የበርሚንግሃም ሲቪል መብቶች ተቋም የቃል ታሪክ ስብስብ ስላለው፣ ቅጂዎቹን ይቀበል እንደሆነና በምን ዓይነት ፋይል እንደሚፈልጋቸው ሥራው ሳይጀመር ይጠይቁ። የሚቀጥለው ዓመት ክፍልም ከባዶ እንዳይጀምር፣ ተማሪዎቹ ገና ያልጎበኟቸውን መንገዶችና ቃላቸው ያልተቀዳላቸውን ሰዎች ዝርዝር በመጨረሻው ሳምንት ጽፈው ከአካባቢው ካርታ ጋር በአንድ አቃፊ ያኑሩ።